የአያቴ እግርና ቢጫው ድንጋይ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናዲስ አረጋ

ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። በአያቴ በመሪጌታ ደሳለ ስም እስከ ዛሬ የጻፍኩልዎት አራት ደብዳቤዎች እውነት አልነበሩም። እሳቸው «ደህና ነኝ በይልኝ» ሲሉኝ ጻፍኩ እንጂ ደህና አይደሉም። የዛሬውን ግን ማንም አላዘዘኝም።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ወደ ነገሬ ስለ ገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባሉበት አገር የእመቤታችን ጥላ አይለይዎት። አይተውኝ አያውቁም። ባንችይርጋ እባላለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባትዎ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሼ አረጋ ከአያቴ ጋር የወንድማማች ልጆች እንደ ነበሩ፣ ሥዕልም እዚሁ ቤት አብረው እንደ ተማሩ አውቃለሁ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ አያቴን አግዛለሁ።

ከቤታችን እስከ ቤተ ማርያም ለጤነኛ ሰው ሩብ ሰዓት አይሞላም። አያቴ አራት ጊዜ ይቆማሉ። ሲራመዱ የግራ ባታቸውን ይይዛቸዋል፣ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። አመመኝ ግን አይሉም። አንዴ የሰው አጥር የሚያደንቁ ይመስላሉ፣ አንዴ ያገኙትን ሰው ስለ ከብቱ ይጠይቁታል። ባለፈው እሑድ አንድም ላም የሌለውን ጎረቤታችንን ጋሻዬን ስለ ላሙ ጠየቁት። ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ የዚያው እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላለች። በእንዲህ ያለ ቁስል እግሩ የተቆረጠ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። አያቴ በልደት ዕለት ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ከካህናቱ ጋር ቆመው ማሸብሸብ አጉድለው አያውቁም፤ አርባ ዓመት። እግራቸው ቢቆረጥ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልችልም።

ሥራቸውን ግን አልተዉም። ብልባላ ላለች ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል ጀምረዋል። ለአክሊሉ የሚሆነውን ቢጫ ድንጋይ እኔ እፈጭላቸዋለሁ። በቤታችን ወግ ሥዕል የሚሣለው በጾም ነው፣ ብሩሹም የሚሾለው በከንፈር ነው። መዳፋቸው ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ የደረቁ ነገሮች ወጥተውባቸዋል። ደረታቸውም አቧራ ላይ ዝናብ የተንጠባጠበበት መስሏል። እርጅና ነው ይላሉ።

እርስዎ የሐኪም ቤት ሥራ እንደሚሠሩ ሰምቻለሁና ለእግር የሚሆን ቅባት ካለ ቢልኩልኝ። መልሱን በእኔ ስም ያድርጉት፤ በእሳቸው ስም የመጣውን ፖስታ የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው።

ታናሽዎ ባንችይርጋ


ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ኅዳር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማላውቃት እህቴ ለባንችይርጋ

እንደምን አለሽልኝ? መሪጌታስ? ላስታን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። በቅድሚያ እርስዎ አትበይኝ፤ ያስረጀኛል።

ቅባቱን አልላክሁም፣ እንዳትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። «እንደ ማሽላ ፍሬ» ያልሽው ጋ ስደርስ መውረጃዬን አለፍኩ።

ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ከሰውና ከአይጥ የተወሰዱ ሕዋሳትን እመግባለሁ፣ እቆጥራለሁ። እኛ ጋ የሚጠናው አርሴኒክ የሚባል መርዝ የሰውን ደም ስር ምን እንደሚያደርገው ነው። ልጅ ሆኜ እዚያ ቤት ያየሁት ቢጫ ድንጋይ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሽንኩርት በስሱ የሚላጥ ነበር። አሁንም እሱው ከሆነ በውስጡ ያለው ይኸው መርዝ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በእጄ ስነካው የኖርኩት ነገር መሪጌታ አፍ ውስጥ መሆኑን እንዴት እንዳላሰብኩ አላውቅም።

ስለዚህ እነዚህን መልሽልኝ። መዳፋቸው እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው? የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? ትምባሆ ያጨሳሉ? ሐኪም አይቷቸዋል? ብሩሹን በአፉ የሚያሾል ሌላ ሰው ከቤት አለ? ደግሞ እጃቸውን በደንብ አስታጥበሽ ጥፍራቸውን ቁረጪና በወረቀት ጠቅልለሽ ላኪልኝ። መርዙ ጥፍር ውስጥ ይቀራል። አለቃዬን ለምኜ አስመረምረዋለሁ።

ድንጋዩን አትላኪ፣ እሳት ላይ አትጣሉት፣ ወንዝ ውስጥም አትጣሉት። ስትፈጪ አፍና አፍንጫሽን በጨርቅ እሰሪ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመፍጨት ነው።

እህትሽ ዓይናዲስ


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናዲስ

በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። እርስዎ ደህና ነዎት? እንዳዘዙኝ አንቺ ለማለት ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ጥፍራቸውን ይኸው ልኬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምቆርጥላቸው እኔ ስለሆንኩ አልጠረጠሩም። መዳፋቸው እንዲህ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ውሃ የምንቀዳው ሰፈሩ ሁሉ ከሚቀዳው ቧንቧ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ እንዲህ ሲሆን አላየሁም። ትምባሆ በቤታችን አይነሳም። ሐኪም ግን አላያቸውም። ከልደት በኋላ ይላሉ። አምና ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ብለው ነበር።

ደብዳቤዎ መድረሱን ሳልነግራቸው ስለ ብሩሹ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ቢነክሩትስ?»

«የምን ውሃ?»

«በኩባያ።»

«ያቺ ጋሻዬ አረቄ የጠጣባት ኩባያ?»

«ሌላ አለ።»

«ሥጋ ወደሙን የተቀበለ አፍና የጋሻዬ ኩባያ እኩል ናቸው በይኛ! ልጄ፣ የእመቤታችን ፊት የሚነካው ነገር ከዚህ ሁሉ ንጹህ መሆን አለበት።» አፋቸውን በጣታቸው አሳዩኝ። «ለዚህ ነው በጾም የምሥለው።»

ንጹህ ይሆናል ብለው በባዶ ሆዳቸው የሚውጡት መርዙን ነው። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ዝም ማለት ይቀናኛል።

ታናሽዎ ባንችይርጋ


ጎተንበርግ፣ ጥር 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንችይርጋ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ጥፍሩ ደርሶኛል፣ ውጤቱ ገና ነው። አምስት ነገር ጠይቄሽ አራቱን መለስሽ። አምስተኛውን ረስተሽው እንደሆነ ድጋሚ አንብቢልኝ።

የሚከተለውን ለመሪጌታ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ተደብቀሽ መጻፍሽን እኔ አስታርቃለሁ።

መሪጌታ፣ የአረጋ ልጅ ዓይናዲስ ነኝ፣ እጅ እነሳለሁ። የቆሎ ተማሪ ሳላችሁ አንተና እሱ አኩፋዳ ይዛችሁ ቁራሽ ስትለምኑ ውሻ እንዴት እንዳባረራችሁ አባቴ ይነግረኝ ነበርና፣ ነገሩን በዚያው ላስረዳዎት። (አንተ ያልኩት እሱ ሲያወራ እንደሚለው ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።) በሰው ደም ውስጥ እንደ ተማሪ ያሉ ሕዋሳት አሉ። ከበሽታ የሚከላከሉን እነሱ ናቸው። በደም ስራችን ግድግዳ ውስጥ የተጣለውን ስብ እየለቀሙ ይውጣሉ። ጤነኛው ተማሪ አኩፋዳው ሲሞላ ያራግፋል፤ ተሸካሚው ተቀብሎ ወደ ጉበት ይወስድለታል። አርሴኒክ ያገኘው ግን መልቀሙን አይተውም፣ ማራገፉ ያቅተዋል። አኩፋዳው እንደሞላ፣ እሱም እንዳበጠ መንገድ ላይ ቁጭ ይላል። ሌላው መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ግድግዳው ይወፍራል፣ የደሙ መንገድ ይጠባል። ቁጭ ሲሉ ያለው ደም ይበቃዎታል፤ ሲራመዱ አይበቃም፣ ባትዎ ይጮኻል። የጣትዎም ቁስል የሚድንበት ደም አያገኝም።

ይህን በየቀኑ የማየው በቤተ ሙከራ ሕዋሳትና በአይጦች ነው። መርዙ ያለበት ውሃ በሚጠጣባቸው አገሮች ሰዎች ላይም የልብና የእግር ሕመም ታይቷል። የእርስዎን እግር ያሳመመው ቢጫው ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ዕድሜም አለ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሊያስወግዱት የሚችሉት እሱን ነው።

ልጅዎ ዓይናዲስ


ላሊበላ፣ ጥር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናዲስ

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ የምነግርዎት አለኝና ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

የልደት ዕለት አያቴ ቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት ላይ ከካህናቱ ጋር ቆመው ነበር። እኔ ከታች ሆኜ አያቸዋለሁ። ቤዛ ኩሉ እየተዘመረ መሐል ላይ ነጩ ረድፍ ጎደለ። አያቴ መቋሚያቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ቤት ተመልሰው አንድ ሳምንት ብሩሽ አልነኩም።

ደብዳቤዎ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። እንዳዘዙኝ አነበብኩላቸው። ተደብቄ መጻፌን ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አኩፋዳው ጋ ስንደርስ ግን ሳቁ።

«ይሄ አረጋ! ውሻው ያባረረው እሱን ነው፣ እኔማ ዛፍ ላይ ነበርኩ። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ።

«እንግዲህ ባቴ ውስጥ ሰነፍ ተማሪ ተሰብስቧል በይኛ!»

«ሰነፍ አይደሉም አባባ። ተመርዘው ነው።»

«ማነው የመረዛቸው?» አሉና መልሱን ሳልሰጣቸው ከንፈራቸውን ነኩ። ቀጥለውም፣ «ቁጣ የለበትም ትላለች?» አሉኝ።

«የምን ቁጣ?»

ያን ጊዜ ነገሩኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቢጫው ድንጋይ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከአንድ የፈረሰ መቅደስ የወጣ፣ ፊቱ የማይለይ አሮጌ ሥዕል እጃቸው ላይ ነበረ። አክሊሉን ፍቀው፣ ፈጭተው ለሌላ ሥዕል አዋሉት። ለንስሐ አባታቸውም አልተናገሩም። እግራቸው ሲታመም ይህ የዚያ ዋጋ ነው አሉ። «ሐኪም ቤት ያልሄድኩት ለዚህ ነው። ከቅጣት ሸሽቼ የት እደርሳለሁ?» አሉኝ። ደብዳቤዎን ከእጄ ወስደው፣ የእጅ ጽሕፈቱ አልለይ ቢላቸው ጀርባውንም ገልብጠው አዩት። «ተማሪዎቹ ናቸው ብላ ጽፋለች አይደል? ቁጣ የሚል የለም?» የለም አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። የዚያን ቀን ምሳ በደንብ በሉ።

በማግስቱ ከጋሻዬ በቅሎ ተውሰን ጤና ጣቢያ ወረድን። ላም ባይኖረውም በቅሎ አለው። ምስጋኑ የሚባለው የጤና መኮንን እግራቸውን ዳብሶ ዳብሶ የደሙ ምት አልገኝ አለው፤ ወልድያ ሆስፒታል ላከን። እዚያ የደም ስሩ ጠቧል አሉን። ክኒን ሰጧቸው፣ ቁስሉ በየቀኑ እንዲታጠብ፣ በየቀኑም እስኪያማቸው እንዲራመዱ፣ አርፈው ደግሞ እንዲራመዱ አዘዟቸው። ሚያዝያ ላይ ተመልሰው ይምጡ፣ ቁስሉ ከገጠመ እግሩ ይተርፋል፤ ከጠቆረ ግን ይቆረጣል አሉ። አያቴ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ ተማሪዎቹን እናባርር» ብለው ሐኪሙን ግራ አጋቡት።

አሁን አምስተኛው ጥያቄዎ። አልረሳሁትም። ብሩሽ በአፏ የምታሾል ሌላ ሰው አለች። እኔ ነኝ። የአያቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ሲሄዱ የጠመመውን መስመር አቃናለሁ፣ አክሊሉን እሞላለሁ። ሴት ልጅ በዚህ ቤት ስትሥል ማንም አይቶ ስለማያውቅ ለማንም አልተናገርኩም። ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ ያየሁት ከእሳቸው ስለሆነ እንደ እሳቸው አደረግሁ። ከጣዕሙ በስተቀር ምንም አላሰብኩም፤ አፈር አፈር ይላል። አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ መዳፌን አያለሁ። እስካሁን ምንም የለም። ወይም ያለ አይመስለኝም።

ጥፍሬን በተለየ ወረቀት ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ለአያቴ አይንገሩብኝ።

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ መጋቢት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናዲስ

ደብዳቤ አልመጣም። ፖስታ ቤት ያለችው ይማርሽ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ቅባትም መድኃኒትም አልፈልግም። ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ። የአያቴ ጣት ጥቁር አልሆነም፤ አልገጠመምም።

ባንችይርጋ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባንቺዬ

ከሁሉ በፊት፦ ደህና ነሽ። ይህን አንብቢና ተንፍሺ፣ ከዚያ ቀጥይ።

የአንቺ ጥፍር ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ያን ያህል ብቻ። መዳፍሽ ንጹህ መሆኑ ደግሞ ደግ ምልክት ነው። ያቆምሽ ዕለት ሰውነትሽ ራሱ ማስወጣት ይጀምራል፤ አብዛኛው በቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል። የመሪጌታ ግን ከሌላው ሰው አሥር እጥፍ ይበልጣል። የእሳቸው ተማሪዎች ተቀምጠው ከርመዋል፣ ሁሉም ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከአሁን ወዲያ የሚጨመርባቸው አይኖርም። ያዘዟቸውን የእግር ጉዞ እንዳይተዉ፤ በጠበበው መንገድ ዳር ቀጫጭን መተላለፊያ ይከፍታል።

ስለ ዘገየሁ ይቅር በይኝ። ውጤትሽ ያለበትን ፖስታ አራት ቀን ሳልከፍት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አባቴ አረጋ እዚያው ቤት ብሩሽ ይዞ አድጎ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ደረቱን ይዞ ነው የወደቀው። በቢጫው ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አላውቅም። የአንቺን ፖስታ ስይዝ ግን የእሱን የያዝኩ መሰለኝ። ከፍቼ ሳነብ ጮኬ አለቃዬ ከቢሮው ሮጦ ወጣ።

ከእሳቸው ተደብቀሽ መሣልሽን አልነገርኩም። አንቺ ንገሪያቸው።

እህትሽ ዓይናዲስ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ

እግዚአብሔር ያክብርሽ። ዛሬ አንቺ ማለት አልከበደኝም።

የእኔ የመጨረሻው ሳይደርስሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ ነው። ይማርሽ ፖስታውን በመስኮት ወደ ላይ አንስታ አሳየችኝና ከመንገድ ማዶ ሮጥኩ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። እንዳልሽው ተነፈስኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ይማርሽ ሰው የሞተብኝ መስሏት እሷም ልታለቅስ መጣች፤ ደህና ነሽ ነው የሚለኝ ብላት፣ «ታዲያ ለዚህ ይለቀሳል?» ብላ ተቆጣችኝ።

አያቴ ወልድያ ደርሰው ተመልሰዋል። ቁስሉ ገጥሟል። ሐኪሙ ጣታቸውን ተጭኖ አየና፣ «እግርዎ የእርስዎ ነው» አላቸው። «ድሮስ የማን ነበር?» አሉት። አሁን እስከ ቤተ ማርያም አንዴ ብቻ ይቆማሉ፤ ያም ጋሻዬ ደጃፍ ነው፣ ስለ ላሙ ይጠይቁታል። ስላልገዛት ላም።

ለንስሐ አባታቸውም የአሮጌውን ሥዕል ነገር ተናገሩ። አርባ ስግደት ይሰጡኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እግርዎ እስኪጠና ተቀምጠው ዳዊት ይድገሙ ብለዋቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ቀላል ነገር ተሸክሜ ኖርኩ እያሉ ይገረማሉ።

የብሩሹን ነገር መፍትሔ ያገኙለት ራሳቸው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ስንጠጣ እጃቸው ላይ ያለውን ጽዋ ቆመው አዩት። «የቆረበ አፍ ንጹህ ከሆነ ጠበሉስ?» አሉኝ። አሁን ብሩሹ የሚነከረው በአዲስ ቅል በተቀመጠ ጠበል ነው፤ የተረፈውን ማንም እንዳይጠጣው ቅሉ ላይ መስቀል ሳይሆን የውሻ ምስል ሥለውበታል። ሁሉም ሰው ይፈራዋል። ቢጫውን ድንጋይ በቆርቆሮ ከትተን በሰም አሽገን ምስጋኑ ጤና ጣቢያ ቆልፎበታል። ለአክሊሉ ከብልባላ መንገድ ዳር ቢጫ አፈር አመጣሁ። እንደ ድንጋዩ አያበራም። አያቴ አንድ ሳምንት አጉረመረሙ፤ በኋላ፣ «እመቤታችን በእርሻ አገር ነው የምትቀመጠው፣ የማሳ ቢጫ ይበቃታል» አሉ።

ተደብቄ መሣሌን ትናንት ነገርኳቸው። ፊታቸውን ላለማየት ሙጫ እያማሰልኩ ነው የተናገርኩት። ቀና ስል እየሳቁ ነው።

«እጄን የማላውቅ መስሎሽ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ኪዳን አድርሼ ስመለስ መስመሬ ከተውኩት ቀንቶ አገኘዋለሁ። መልአክ ነው እንዳልል፣ መልአክ ብሩሹን ሳያጥብ አይሄድም።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣሽ ትተይዋለሽ ብዬ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ብሩሹ አፍሽ ውስጥ እንደሚገባ ግን አላወቅሁም። ያን ባውቅ ኖሮ ሥዕሉ ይቅር ነበር የምለው።» መዳፌን ወደ ብርሃኑ አዙረው ጣት በጣት አዩት፤ የአንቺን ደብዳቤ ሙሉውን አስነበቡኝ።

የእመቤታችን ፊት ተሠርቷል፣ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። እጃቸው ዓይን ለመሥራት አልጸና አለ። ነገ ኪዳን ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ በሩን ገርበብ ሳላደርግ ዓይኖቿን እሠራለሁ። ብሩሹ ባለ ውሻው ቅል ውስጥ ይነከራል። እጄ ለምዶበት ወደ ከንፈሬ ከሄደ በመቋሚያቸው እንዲመቱኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከወዲሁ አጠገባቸው አስቀምጠውታል።

እህትሽ ባንችይርጋ